ኅዳር ዘጠኝ የደረሰው ደብዳቤ

ሽንፋ፣ መስከረም 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለየትናየት፤

እንደ ሽንፋ ፀሐይ የማይበርድ ሰላምታዬ ካርቱም ድረስ ይድረስሽ። በሰው ቤት ሞገስ፣ በሰው አገር ጤና ይስጥሽ። እማም እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ከአራት ሰዓት በኋላ መምህሩም እኛም ደብተራችንን ማራገቢያ ነው የምናደርገው።

ወንድማችን ዋሴ ለሰሊጥ አጨዳ ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እርሻው ከዚህ በትራክተር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ የአጫጆቹ አለቃ አጎታችን ጋሽ ጀይሉ ናቸው። ባለፈው እሑድ ለአንድ ቀን መጥቶ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ሲቀመጥም ወገቡን ይዞ ነው። እማ «ምን ሆነህብኝ ነው?» ስትለው «ምንም አልሆንኩ፤ ሰሊጥ የሚጎነበስለትን ሰው ይወዳል» ብሎ ሳቀ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ማስታገሻ ክኒን አወጣና ሁለት ፍሬ ዋጠ። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እየዋጠ እንደሚሠራ ነገረኝ። አጫጆቹ ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ አለ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ሃያ ሰው በአንድ መስመር ተሰልፎ ያጭዳል፤ የውሃው በርሜል ያለው ማሳው ጫፍ ላይ ነው። መስመሩን ሳይጨርስ ወደ በርሜሉ የሄደ ሰው «ዳክዬ» ይባላል። ቀኑን ሙሉ «ዳክዬ መጣች፣ መንገድ ልቀቁላት!» እያሉ ይስቁበታል። ሥራው በኮንትራት ስለሆነ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል፤ ስለዚህ ሳቁ የምር ነው። ዋሴ «ለየትናየት ጻፍላት፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ዳክዬ አልተባልኩም በላት» ብሎኛል።

የምትንከባከቢያቸው ሐጃ የኩላሊት ሕመምተኛ ናቸው ብለሽን ነበር። ሐኪማቸውን ካገኘሽው፣ እንዲህ ያለው የወገብ ሕመም ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
አንዱአምላክ


ካርቱም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

አንዱዬ፣

የእማን ጉልበት፣ ያንተን ዓይን፣ የዋሴን ወገብ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሐጃም ክፉ ሴት አይደሉም።

ደብዳቤህን ሳነብ ዳክዬው ላይ ስደርስ አልሳቅሁም። ሐጃን በሳምንት ሁለት ቀን ደማቸው በማሽን ወደሚታጠብበት ክፍል ይዣቸው እሄዳለሁ። አራት ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው ስቀመጥ የማየው ሽማግሌና ባልቴት ብቻ እንዳይመስልህ። ከገዳሪፍ እርሻ፣ ከጡብ መተኮሻ የመጡ፣ ገና ጢማቸው በቅጡ ያልወጣ ልጆች አሉ። ዶክተሩን ስለ ዋሴ ጠየቅሁት። ስለ ክኒኑ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

እንዲህ ብለህ ንገረው። ውሃ ለመጠጣት ጥማትን አይጠብቅ፤ ጥማት ሲመጣ ኩላሊቱ ከተቸገረ ቆይቷል። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ፣ አንዴ ሙሉ ጆግ መገልበጥ አይደለም። ሽንቱን ያስተውል፤ እንደ ገለባ ፈዘዝ ካለ መልካም ነው፣ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ማጭዱን ጥሎ ጥላ ይግባ። ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ማንም ሰው ፀሐይ ላይ አይጎንበስ፤ ይህን ለጋሽ ጀይሉም ንገርልኝ። ክኒኑን ይጣለው። ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ በየቀኑ ማስታገሻ መዋጥ ኩላሊትን መምታት ነው አለኝ። ዳክዬ ይበሉት እንጂ! ምን ይጎድልበታል?

አንዱዬ፣ ዋሴ የእኔን ምክር እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ ያንተን ግን ይሰማል። አደራህን፣ እምቢ ካለህም በእጅህ አጠጣው።

ይህን ከካርቱም መተማ በሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር፣ በመሐመድ እልካለሁ።

እህትህ የትናየት


ሽንፋ፣ ኅዳር 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእትዬ የትናየት፤

አምላክ ካንቺ አይለይ፣ ክፉ አይንካሽ። እማ ደህና ናት። ካንቺ መልስ አላገኘንም፤ የመሐመድ መኪና ገላባት ላይ ተበላሽታ ቆማለች ይላሉ። ይህን በአንድ ከርከዴ ነጋዴ እልካለሁ።

ጥቅምት 24 ቀን ዋሴን በትራክተር ተሳቢ ላይ አስተኝተው አመጡት። መስመሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወደቀ አሉን ጋሽ ጀይሉ። እማ «ውሃ አይጠጣም ነበር እንዴ?» ስትላቸው «ማን ጠጣ? እኔስ መች ጠጣሁ?» አሉ። ያስመልሰዋል፣ ፊቱም አብጧል። እማ ወባ ነው ብላ ሁለት ቀን አቆየችው። ሳይሻለው ሲቀር ጎንደር ወሰድነው።

ሐኪሙ ኩላሊቱ ሥራውን ሊያቆም ምንም አልቀረውም አለን። ደም የሚያጥብ ማሽን ያስፈልገዋል፣ እዚህ ግን የለም አለ። ከዚያ በኋላም ብዙ ነገር ተናገረ፤ እማ ግን ማልቀስ ጀምራ ነበር፣ እኔም እሷን ይዤ ነበር። ሲጨርስ ወረቀት ሰጠን። በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉን መምህራችንም ማንበብ አልቻለም።

አሁን እቤት ነው ያለው። እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም። ሽንቱ በቀን አንድ ሲኒ አይሞላም። ካርቱም ያለው ማሽን እንደ ሐጃ ላለ ሰው ብቻ ነው ወይስ እንደኛ ላለም ይሆናል? ቶሎ ጻፊልን። ዋሴ «እንዳትጽፍላት፤ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» ብሎኝ ነበር። ይህን የጻፍኩት ተደብቄ ነው።

አንዱአምላክ


ካርቱም፣ ኅዳር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

አንዱዬ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን። ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዶክተሩ ዘንድ ሮጬ ሄጄ አሁን መመለሴ ነው።

በጥቅምት የላክሁት ደብዳቤ ደርሶህ ከሆነ ውሃ አጠጣው ያልኩህን ተው። ተው። ያ ኩላሊቱ ለሚሠራ፣ ፀሐይ ላይ ለሚውል ጤነኛ ሰው ነው። እንደ ዋሴ ሰውነቱ ላበጠና ሽንቱ ላነሰ ሰው ውሃው መውጫ የለውም፤ ተመልሶ ሳንባው ላይ ይተኛል አለኝ። በቀን የሸናውን ያህል ለኩና ጥቂት ብቻ ጨምራችሁ በሲኒ በሲኒ ስጡት። ሲጠማው ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አብስለት። ጨው አታስጠጉት። ትንፋሽ ካጠረው ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ መልሱት።

የማሽኑን ነገር እየጠየቅሁ ነው። ሐጃ ለትልቁ ልጃቸው ነግረውልኛል። ይህን ዛሬውኑ የሚወስድ ሰው ልፈልግ ወጣሁ።

የትናየት


ሽንፋ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.
(ያልተላከ፤ በጂኦግራፊ ደብተሬ ጀርባ የጻፍኩት)

እትዬ፣ ይህን አታነቢውም።

ዋሴ ሞቷል። ኅዳር 18 ቀን፣ ረቡዕ፣ ረፋድ ላይ።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የደረሰን ኅዳር 9 ነው። መሐመድ ራሱ በእጄ ሰጠኝ። አንብቤ ከደስታዬ ብዛት ዘለልኩ። መድኃኒቱን አገኘሁት አልኩ፤ ለካ ውሃ ብቻ ኖሯል የጎደለው አልኩ። በዚያው ቀን ዘጠኝ ኩባያ አጠጣሁት። በማግሥቱ አሥራ አንድ። «በቃኝ አንዱዬ፣ ደረቴ ሞላ» ሲለኝ «የትናየት ናት ያለችው፤ ሐኪም ጠይቃ ነው» እለዋለሁ። ያኔ አፉን ይከፍታል። አንድ ቀን ትንፋሹን ሰብስቦ «አሁንስ ዳክዬ አደረግከኝ» አለኝ። አብረን ሳቅን። ሲስቅ ያሳልም ነበር።

ከዚያ ተኝቶ መተንፈስ አቃተው። ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ አደረ። እማን ተደግፎ እንደተቀመጠ ሞተ።

ትላንት ሁለተኛው ደብዳቤሽ መጣ። ተው ይላል። ሁለት ጊዜ።

እማ «ምን ትላለች?» አለችኝ። «ደህና ነኝ ነው የምትለው» አልኳት። ማንበብ አለመቻሏን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

ጋሽ ጀይሉ ከቀብሩ ማግሥት ዘመድ ባለበት ተናግረዋል። «መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሰው አገር፣ ብቻዋን፣ ወረቀት ይዛ ትውደቅ? ስትመጣ በማለዳ ተሰብስበን፣ ሰው ደግፏት ትሰማለች። እስከዚያ ተሽሎታል ብለህ ጻፍ። እሷ የምታውቀው ያንተን እጅ ጽሑፍ ነው» አሉኝ። ሁሉም ልክ ነው አሉ።


ሽንፋ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለየትናየት፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ ትላንት አብረው ደረሱን። ደግነቱ በመጀመሪያ የከፈትኩት የኋለኛውን ነው። ውሃውን እንዳልሽው በሲኒ እየለካሁ እሰጠዋለሁ። ዋሴ ትንሽ ተሽሎታል። የእግሩ እብጠት እየጎደለ ነው። ሰላም ይልሻል። አታስቢ።

አንዱአምላክ


ካርቱም፣ ጥር 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

አንዱዬ፣ የኔ ዓይን፣

ያበላህ እጅ አይድረቅ፣ የወለደችን ማኅፀን ይባረክ፣ ለዋሴ ምሕረት የላከ አምላክ ስሙ ከፍ ይበል! ደብዳቤህን ኩሽና ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ እልል ብዬ ሐጃን አስደነገጥኳቸው። ለዶክተሩም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና «ያለ ማሽን? እንዲህ ያለው ከስንት አንድ ነው» አለኝ። ሽንቱ ስንት ሲኒ ደረሰ? መልኩስ ምን ይመስላል? ፊቱ ጠዋት ሲነሣ ያብጣል? በዝርዝር ጻፍልኝ፤ ዶክተሩ ይጠይቀኛል።

ለእሱ ሸሚዝ ገዝቻለሁ፣ ሰማያዊ። ባዶ ካሴትም ልኬልሃለሁ። የጎረቤታችንን የሀብትነሽን ቴፕ ለምንና ድምፁን ቅዳልኝ። ብዙ አይደለም፣ ስሜን ይጥራኝ ብቻ።

የትናየት


ሽንፋ፣ ጥር 30 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየትናየት፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ካሴቱና ሸሚዙ ደርሰዋል። የሀብትነሽ ቴፕ ተበላሽቷል፤ ሲሠራ እንቀዳለን። ሽንቱ አምስት ሲኒ ደርሷል፣ መልኩም እንደ ገለባ ነው። ፊቱ አያብጥም። ሸሚዙ ልኩ ነው።

አንዱአምላክ


ካርቱም፣ የካቲት 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

አንዱዬ፣

እማን ጉልበቷን ሳምልኝ። ዋሴን ግንባሩን ሳምልኝ። ዛሬ የምጽፍልህን ለማንም አታውራ፣ ለእማም ቢሆን ቀስ ብለህ።

አንድ ኩላሊቴን ልሰጠው ነው። ዶክተሩ ደሜን ወስዶ መርምሯል፤ ጤነኛ ነሽ፣ ሰው በአንዱም ይኖራል ብሎኛል። የሐጃ ትልቁ ልጅ ወጪውን ሊችልልኝ ተስማማ። በለውጡ የሦስት ዓመት ውል እፈርምለታለሁ፤ ሦስት ዓመት አገሬ አልገባም፣ ፓስፖርቴም እሱ ዘንድ ይቀመጣል። መጋቢት ሳያልቅ እፈርማለሁ። ከዚያ መሐመድ ዋሴን ጋቢና አስተኝቶ ያመጣልኛል። ሦስት ዓመት ምን አላት? ዋሴ ቆሞ ሲሄድ ካየሁ እኔ እንኳን ሦስት ሠላሳም እቆያለሁ።

ምነው ግን እሱ አንድ መስመር አይጽፍልኝም? ተቀይሞኛል?

የትናየት


ሽንፋ፣ መጋቢት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህን ስትከፍቺ ጓደኛሽ ጸዳለ አጠገብሽ መሆን አለባት። መሐመድን በመጀመሪያ እሷ ዘንድ እንዲሄድ፣ በማለዳም ይዟት እንዲመጣ አስምዬዋለሁ። ከሌለች ዝጊው።

ዋሴ የለም። ኅዳር 18 ቀን አርፏል። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩልሽ በሙሉ ውሸት ነው። ሸሚዙን እማ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ጋሽ ጀይሉ ስለ ውሉ ስነግራቸው «ሦስት ዓመት ቶሎ ያልፋል፣ ስትመጣ እንነግራታለን» አሉ። «እሷ ኩላሊቷን አውጥታ ለማን ልትሰጥ ነው?» አልኳቸው። «ታዲያ መርዶ በወረቀት ልትልክ ነው? እንዲህ ያለ ነገር ከማን ቤት ተማርክ?» ብለው ተቆጡ። ልክ ናቸው፣ አይደረግም። እኔ ግን አደረግሁት። ከፈረምሽ በኋላ ብትሰሚ እንዴት ትሆኚ ነበር?

አትፈርሚ። አልቅሺ። ሰው ይያዝሽ።

አንዱአምላክ


ካርቱም፣ መጋቢት 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለአንዱአምላክ፤

ገና ሳይነጋ በሩ ሲንኳኳ ጸዳለን ጥቁር ለብሳ አየኋት። ከኋላዋ መሐመድ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ወረቀቱን ሳላነብ ጮኽኩ። ሐጃ ከአልጋቸው ተነሥተው ወርደው ሲሚንቶው ላይ አብረውኝ ተቀመጡ፤ እኒያ ብቻቸውን መታጠብ የማይችሉ ሴት። እስኪረፍድ አልተነሡም። ውሉን አልፈረምኩም።

አንተ ግን ምን አደረግከኝ? ሦስት ወር ሙሉ በሞተ ሰው ሽንት ደስ ብሎኛል። አርባው ታኅሣሥ 27 ነበር። በዚያን ቀን ምን ሳደርግ እንደዋልኩ ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። ገበያ ነበርኩ፣ ሸሚዙን ስመርጥ። ነጋዴው ትከሻው ስንት ነው ቢለኝ በእጄ ለክቼ አሳየሁት። ስቄም ነበር።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎች አብረው ደረሱን ብለኸኛል። መሐመድ ግን የመጀመሪያውን ኅዳር 9 በእጁ እንደሰጠህ፣ አንተም መንገድ ላይ እንደዘለልክ ነገረኝ።

ከኅዳር 9 እስከ 18 ምን አጠጣኸው?

የትናየት


ሽንፋ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ፣

መሐመድ እውነቱን ነው።

ውሃ ነው ያጠጣሁት። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ኩባያ፣ በሁለተኛው አሥራ አንድ፤ ከዚያ በኋላ ሲበዛ ደስ ይለኝ ስለነበር ቁጥሩን ትቼዋለሁ። በቃኝ ይለኝ ነበር። እምቢ ሲለኝ ያንቺን ስም እጠራለሁ፤ ስምሽን ሲሰማ ይጠጣል። ይህን ልደብቅሽ ነበር። ሞቱን የደበቅሁት ጋሽ ጀይሉ ስላሉኝ ነው፤ ይህን የደበቅሁት ግን እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

የጎንደሩ ሐኪም ያን ጊዜ ነግሮን ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይም ሊኖር ይችላል። እኔ አልሰማሁም።

ደብዳቤሽ አይደለም የገደለው። ኩባያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከኅዳር ወዲህ ለማንም ሰው ውሃ አቀብዬ አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ የሀብትነሽን ልጅ ጠርቼ እሷ ትሰጣለች። ትምህርት ቤት ቧንቧው ጋ ልጆች ሲጋፉ ዞሬ እሄዳለሁ። መልስ ባትጽፊልኝም እረዳሻለሁ።

አንዱአምላክ


ካርቱም፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

አንዱዬ፣

አንድ ሳምንት ሙሉ ደብዳቤውን መጨረስ አልቻልኩም። እጽፍና እቀደዋለሁ።

ዶክተሩን ጠየቅሁት። «እውነቱን ንገረኝ፣ እንዳታባብለኝ» አልኩት። ያለ ማሽኑ ወንድምሽ የቀረው የሳምንታት ዕድሜ ነበር አለኝ። የገደለው ከአንድ ወር በላይ እየተጠማ ፀሐይ ላይ መጎንበሱና በየቀኑ የዋጠው ክኒን ነው፤ ውሃው ምናልባት ጥቂት ቀን አሳጥሮበት ይሆናል አለኝ። ምናልባት የሚለውን ቃል እንዲያነሣልኝ ቆሜ ጠበቅሁት። አላነሣውም። ስለዚህ እኔም ካንተ አልደብቀውም።

በእጅህ አጠጣው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያ ምናልባት የሁለታችን ነው። ብቻህን ተሸክመኸው አትዙር።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ግን እንዳትቀደው። ለጤነኛ ሰው ልክ ነበር። ክረምት ሲገባ አረም ሊያርሙ የሚወጡት ልጆች ዛሬ ጤነኞች ናቸው። ለጋሽ ጀይሉ አንብብላቸው።

ከእንግዲህ ደግሞ ሰው ቢታመም፣ ሰው ቢሞት፣ በዚያው ሳምንት ጻፍልኝ። መርዶዬን በወረቀት ልስማ። ብቻዬንም ብሆን ልስማ። ሰው በሞተ ቀን አልቅሶ መዋል ለካ ትልቅ ነገር ኖሯል።

እማ እንዴት ናት? ደህና ናት አትበለኝ። ሙቀቱ እዚህ ሰው እየጣለ ነው፤ ሽንፋም እንዲያው መሆኑን አውቃለሁ። እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ የትናየት


ሽንፋ፣ ግንቦት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ፣

እማ ደህና አይደለችም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ አትቀምስም። ጾም ነው ትላለች፤ በዓለ ሃምሳ መሆኑን ስነግራት ተነሥታ ትወጣለች። የቀበሌው ጥድፊያ ሁሉ በሙቀቱ ቆሟል፣ ዶሮዎቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ጥላ ሥር ነው የሚውሉት፣ እሷ ግን እኩለ ቀን ላይ እንጨት ትለቅማለች። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ዞሮባት ወደቀች። ሽንቷ ጠቁሯል፤ ሀብትነሽ ናት የነገረችኝ። ወገቧንም ይዛ ነው የምትነሣው። ምነው ስላት «ዋሴ እንዲህ ነበር የሚውለው» አለችኝ።

ለጋሽ ጀይሉ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ዳክዬ የሚለው ጋ ስደርስ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ስጨርስ «በርሜሉን ማሳው መሐል ማቆም ይቻላል» አሉ። ሲወጡ በሩን መግፋት ረስተው ትንሽ ቆሙ።

ለእማም አነበብኩላት። ትላንት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሁሉንም ደብዳቤሽን ከመጀመሪያው ጀምሬ። ተው የሚለውንም። ምናልባት የሚለውንም። በደብተሬ ጀርባ ያለውንም። እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር። ቁጭ ባለችበት ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ እያጠፈች እያጠፈች ሰማችኝ። ከዚያ «አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ ኩባያውን የምይዘው እኔ ነበርኩ» አለች። «ካንተ የበለጠ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አንተን እያስቸገረ ለእኔ እምቢ አይለኝም ነበር።»

ተነሥቼ ወደ ዚሩ ሄድኩ፤ ውሃ ወደምናቀዘቅዝበት ትልቁ ጋን። ክዳኑን አንሥቼ ስቀዳ ግማሹን አፈሰስኩት። ደግሜ ቀዳሁ። ይዤላት ስመጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ነህ የቀዳኸው?»

«እኔ ነኝ። እማ፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ግን ጠጪ።»

ከዚያ በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ቀስ ብላ፣ እያረፈች፣ ግማሽ ድረስ ጠጣች። የቀረውን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንተም ጠጣ። ከንፈርህ ደርቋል።»

ጠጣሁ።

አንዱአምላክ